ወንዝን ሳያስሩ ማሠራት

ዘንድሮ በጂኦግራፊ ክፍለ ጊዜ አንድ ክርክር ተነሥቶ ነበር። መምህራችን ስለ ውሃ ኃይል ካስተማሩን በኋላ «በአገሮች ድንበር ላይ የሚፈስ ወንዝ ለማን ይሠራል?» ብለው ጠየቁን። አንድ ጓደኛዬ ፈጥኖ ተነሣና «ለማንም አይሠራም፤ የድንበር ወንዝ የጠብ ወንዝ ነው። በዚያም ላይ ውሃ ሳይጠራቀም የሚሠራ ጣቢያ በዝናብ ጊዜ የሚጮህ፥ በደረቅ ጊዜ የሚያንቀላፋ ነው። ትልቅ ግድብ መሥራት ካልተቻለ ጭራሹን ባይሠራ ይሻላል» አለ። ክፍሉ በሙሉ አጨበጨበለት። እውነቱን ለመናገር እኔም አጨብጭቤአለሁ። ቤቴ ገብቼ ነገሩን ሳሰላስለው ግን እጄ ከአእምሮዬ ቀድሞ እንደ ነበር ተረዳሁ። ስለዚህ በዚያን ቀን በቃል ያልመለስኩትን ዛሬ በዚህ መጽሔት ላይ በጽሕፈት ልመልስ እሞክራለሁ። ጓደኛዬም እንደማይቀየመኝ አምናለሁ፤ አሳብ ከአሳብ ቢጋጭ እውነት ይጠራል እንጂ ወዳጅነት አይፈርስም።

በመጀመሪያ የምንከራከርበትን ነገር ለይተን እንወቅ። ከወንዝ የኤሌክትሪክ ኃይል የሚገኝበት መንገድ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው፥ ትልቅ ግድብ ሠርቶ የክረምቱን ውሃ እንደ እህል በጎተራ ማኖርና በተፈለገ ጊዜ እየቀነሱ ማውረድ ነው። ሁለተኛው፥ ወንዙን በዝቅተኛ ግድብ ወይም በመቀልበሻ ጥቂት አቅንቶ፥ በቦይ ወይም በዋሻ ወደ ተርባይኑ መርቶ፥ ሥራውን ከሠራ በኋላ ያንኑ ውሃ ወደ ወንዙ መመለስ ነው። በዚህ በሁለተኛው መንገድ ወንዙ ዛሬ ያመጣውን ውሃ ዛሬውኑ ያሳልፈዋል፤ ለነገ የሚቀመጥ ብዙ ነገር የለም።

የውሃ ኃይል የሚለካው በሁለት ነገር ነው፤ ይኸውም በውሃው ብዛትና በሚወርድበት ከፍታ ነው። በየሰከንዱ 100 ሜትር ኩብ ውሃ ከ20 ሜትር ከፍታ ቢወርድ፥ በፊዚክስ ትምህርታችን እንደ ተማርነው፥ 100 በ20፥ እንደገናም በ9.81 ስናባዛው 19,620 ኪሎ ዋት እናገኛለን። ከዚህ ውስጥ ተርባይኑና ጄኔሬተሩ ከመቶ 90 እጁን ወደ ኤሌክትሪክ ቢለውጡ 17,658 ኪሎ ዋት ይሆናል። በዚህ ስሌት ውስጥ ስለ ተጠራቀመ ውሃ የሚናገር ቁጥር አለመኖሩን ልብ በሉ። ግድብ ከፍታውን ይጨምር ይሆናል፤ ውሃን ማጠራቀም ግን በተለይ የሚጠቅመው ጊዜ ለመምረጥ ነው። ጊዜ መምረጥ ታላቅ ጥቅም መሆኑን አልክድም። ነገር ግን ጊዜ መምረጥ ያልቻለ ሁሉ አይሠራም ማለት ትክክል አይደለም።

አሁን ወደ አንድ እውነተኛ ሥፍራ ልውሰዳችሁ። ካጌራ የሚባል ወንዝ አለ፤ የሩዋንዳ ሰዎች አካጌራ ይሉታል። ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ ከሚገቡት ወንዞች ሁሉ የሚበልጠው እርሱ ነው። በዚህም ምክንያት ብዙ ሰዎች የነጭ ዓባይን መነሻ በእርሱ ምንጮች በኩል ይፈልጋሉ። እኛ ዓባይን የምናውቀው ከጣና በኩል ነው፤ ነገር ግን በግዮን ውሃ የሚኖር ሌላም ዘመድ እንዳለን መርሳት አይገባንም። ከሩዋንዳ የሚመጣው ኒያባሮንጎና ከቡሩንዲ የሚመጣው ሩቩቡ ተገናኝተው ጥቂት እንደ ሄዱ፥ ወንዙ ሩሱሞ ከሚባለው ፏፏቴ ላይ ይወድቃል። በአንዱ ዳር ሩዋንዳ፥ በሌላው ዳር ታንዛኒያ ትገኛለች። እንግዲህ በዚያ ፏፏቴ ላይ የሚወርደው ውሃ፥ ዳሩ የሁለት አገሮች፥ አመጣጡ ደግሞ የሦስተኛይቱም ጭምር ነው። «የማን ነው?» ለሚል ጥያቄ ከዚህ የከበደ ሥፍራ ማግኘት ያስቸግራል።

በዚሁ ሥፍራ ላይ ዛሬ 80 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ የኤሌክትሪክ ጣቢያ ቆሟል። ውሃ በሰፊው የሚያጠራቅም ሳይሆን፥ ወንዙ እንደ ፈሰሰ የሚሠራ ጣቢያ ነው። ሦስት ተርባይኖች አሉት። ዓይነታቸውም ካፕላን ይባላል፤ ይህ ስም የመጣው ከኦስትሪያዊው መሐንዲስ ከቪክቶር ካፕላን ነው። የዚህ ተርባይን ክንፎች እንደ ውሃው ብዛትና ማነስ አቅጣጫቸውን ስለሚለውጡ፥ ከፍታው ዝቅ ባለና መጠኑ በሚለዋወጥ ወንዝ ላይ ጥሩ ሆኖ ይሠራል። ከ80ው ሜጋ ዋት ለሩዋንዳ፥ ለቡሩንዲና ለታንዛኒያ እኩል ለእኩል፥ ማለት 26 ሜጋ ዋት ተኩል ከጥቂት ትርፍ ጋር ይደርሳቸዋል። ጣቢያውን የሚያስተዳድረው ሦስቱ መንግሥታት በእኩልነት የያዙት አንድ ኩባንያ ነው። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2013 ለጣቢያው ሥራ የፈቀደው 340 ሚሊዮን ዶላርም ለሦስቱ አገሮች በእኩል ተከፍሏል። የኃይል ማስተላለፊያ መስመሮቹን ለመዘርጋት ደግሞ የአፍሪካ ልማት ባንክ ገንዘብ ሰጥቷል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለውን የአባቶቻችንን አነጋገር ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ አላገኘሁም።

ነገር ግን ይህ ስምምነት በቀላሉ የመጣ እንዳይመስላችሁ። ቡሩንዲ፥ ሩዋንዳና ታንዛኒያ ስለ ካጌራ ተፋሰስ በአንድነት ለመሥራት ማኅበር ያቋቋሙት እ.ኤ.አ. በ1977 ነበር፤ ዑጋንዳም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ገባችበት። ሩሱሞን ለኤሌክትሪክ ማዋል ያን ጊዜም የታሰበ ነገር ነበር። ይሁን እንጂ ማኅበሩ አሳቡን ከፍሬ ሳያደርስ እ.ኤ.አ. በ2004 ፈረሰ። እ.ኤ.አ. በ1999 የዓባይ ተፋሰስ አገሮች፥ ኢትዮጵያም ጭምር፥ ያቋቋሙት የትብብር ድርጅት ደግሞ አሳቡን አንሥቶ ቀጠለበት። ግንባታው እ.ኤ.አ. በ2017 ተጀመረ፤ ተርባይኖቹም እ.ኤ.አ. በ2023ና በ2024 ኃይል መስጠት ጀመሩ። ከ1977 እስከ 2023 ስንቆጥር 46 ዓመት ነው። ማኅበሩ በተቋቋመበት ዓመት የተወለደ ሕፃን የመጀመሪያው ተርባይን ሲዞር ለማየት የጎልማሳ ዕድሜ መድረስ ነበረበት።

በእነዚህ 46 ዓመታት መካከል ደግሞ ሳይናገሩት የማይታለፍ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1994 በሩዋንዳ በቱትሲዎች ላይ የዘር ፍጅት ሲፈጸም፥ የካጌራ ውሃ የሟቾችን አስከሬን ተሸክሞ እስከ ቪክቶሪያ ሐይቅ አድርሷል። በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር መጨረሻ ላይ በአንድ ቀንና ሌሊት ውስጥ 250,000 ያህል ሰዎች በሩሱሞ ድልድይ ላይ ተሻግረው ወደ ታንዛኒያ ተሰደዋል። ጣቢያው የቆመው ከዚያው ድልድይ አጠገብ ነው። እኔ ይህን ያነበብኩ ጊዜ መጽሐፉን አጥፌ ጥቂት ቆየሁ። ያን ሁሉ ባየ ወንዝ ዳር ሰዎች ተመልሰው በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ መቀመጣቸው፥ «ውሃውን እንዴት እንካፈል?» ብለው መነጋገራቸው፥ የመሐንዲስነት ብቻ ሳይሆን የሰውነትም ሥራ ሆኖ ታየኝ። እ.ኤ.አ. በጥር ወር 2024 ቡሩንዲ ከሩዋንዳ ጋር ያላትን ድንበር በጠብ ምክንያት ስትዘጋ እንኳ፥ ጣቢያው የሦስቱ አገሮች የጋራ ንብረት መሆኑ አልተለወጠም። ስለዚህ ጓደኛዬ «የድንበር ወንዝ የጠብ ወንዝ ነው» ሲል ግማሽ እውነት ተናግሯል። ጠቡ አለ፤ ነገር ግን ጠብ እያለም ቢሆን አብሮ መሥራት ይቻላል።

አሁን ደግሞ ወደ ሁለተኛው ክርክር እንመለስ። ጣቢያው ለምን ውሃ በብዛት አያጠራቅምም? መልሱ እንዲህ ነው። ከዚህ ቀደም ታስቦ የነበረው ፕላን ውሃውን ከፍ አድርጎ የሚያግድ ነበር። ነገር ግን ከሩሱሞ በላይ ያለው አገር ገደል ሳይሆን ሐይቅ፥ ረግረግና የእርሻ ሸለቆ የበዛበት ሜዳማ ሥፍራ ነው። በእንዲህ ያለ ሥፍራ ውሃውን በጥቂት ሜትር ብቻ ከፍ ማድረግ እጅግ ሰፊ መሬት ያሰጥማል። በሩዋንዳና በቡሩንዲ ደግሞ ሕዝቡ ብዙ፥ መሬቱ ጠባብ ስለሆነ ከእርሻው የተነሣ ገበሬ ሌላ እርሻ የሚያገኝበት ቦታ ጥቂት ነው። በዚህ ምክንያት ወንዙ እንደ ፈሰሰ የሚሠራ ጣቢያ እንዲሆን ተመረጠ። ጥቂት ኃይል ቀረ፤ ብዙ ቤት ግን ዳነ። ደግሞም ከላይ ያለው ረግረግና ሐይቅ በዝናብ ጊዜ የመጣውን ውሃ እንደ ስፖንጅ ይዞ ቀስ እያለ ስለሚለቅ፥ ካጌራ እንደ እኛ ደጋ ወንዞች በክረምት ሞልቶ በበጋ የሚከሳ አይደለም። ሰው ባይገድበውም ተፈጥሮ በመጠኑ ገድቦታል። እንግዲህ ለአንድ ወንዝ የሚስማማው ሥራ ለሌላው ላይስማማ ይችላል፤ መሐንዲስም አስቀድሞ ወንዙን መስማት አለበት ማለት ነው።

ይህን ስል ግን የዚህን ዓይነት ጣቢያ ጉድለት ለመሸፈን አይደለም። ከጠበቃ ይልቅ ምስክር መሆን እወዳለሁ።

አንደኛ፥ ርካሽ አይደለም። 340 ሚሊዮን ዶላር ለ80,000 ኪሎ ዋት ሲካፈል ለእያንዳንዱ ኪሎ ዋት 4,250 ዶላር ይደርሳል፤ በዚያም ላይ የመስመሩ ወጪ ገና አልተጨመረም። ሁለተኛ፥ ዝናብ ሲጠፋና ወንዙ ሲያንስ ኃይሉም አብሮ ያንሳል፤ ለክፉ ቀን የተቀመጠ ውሃ የለውም። ሦስተኛ፥ «ውሃ አያጠራቅምም» ማለት «ጉዳት የለውም» ማለት አይደለም። ለዚህ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም። በዓባይ ላይ በጢስ ዓባይ እ.ኤ.አ. በ1964 የተሠራው ጣቢያ 11.4 ሜጋ ዋት፥ እ.ኤ.አ. በ2001 የተጨመረው ሁለተኛው ጣቢያ ደግሞ 73 ሜጋ ዋት የሚሰጡ ነበሩ። ሁለተኛው ጣቢያ ሥራ ሲጀምር ብዙው ውሃ ከፏፏቴው በላይ ወደ ቦዩ ስለ ተመለሰ፥ በስሙ ጢስ የሚባለው ፏፏቴ በበጋ ጊዜ ቀጥኖ የሚታይበት ጊዜ መጣ። አገር ጎብኚ ሊያይ መጥቶ ቋጥኝ አይቶ ተመለሰ። ስለዚህ ወንዝ እንደ ፈሰሰ በሚሠራበት ቦታም ቢሆን፥ ለወንዙ ራሱ፥ ለዓሣው፥ ለሣሩና ለሚያየው ሰው ዓይን የሚተርፍ ውሃ በሕግ ተወስኖ መቅረት ይገባዋል።

ምናልባት አንዳንድ አንባቢ «እኛ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. 5,150 ሜጋ ዋት የሚያመነጨውን ታላቁን የህዳሴ ግድብ አስመርቀን ሳለ፥ ስለ 80 ሜጋ ዋት ማውራት ምን ያደርግልናል?» ይል ይሆናል። በእውነትም 5,150ን ለ80 ብናካፍል ከ64 ጊዜ በላይ ይሆናል። እኔም በዚያ ግድብ የምኮራ ነኝ፤ አባቴና እናቴ ከደመወዛቸው ቆርጠው ቦንድ ሲገዙ አይቻለሁና። ነገር ግን ሁለቱ ሥራዎች የሚያስተምሩን ትምህርት የተለያየ ነው። ህዳሴ በራሳችን መሬት ላይ በራሳችን ገንዘብ መሥራት እንደምንችል አስተምሮናል። ሩሱሞ ደግሞ ከሌላ ሰው ጋር በእኩልነት መሥራት ምን እንደሚጠይቅ ያስተምራል። አንዱን ትምህርት የተማረ ሰው ሌላውን አያስፈልገኝም ማለት የለበትም።

እኛም ድንበር የሆኑ ወንዞች አሉን። በምዕራብ ከደቡብ ሱዳን ጋር የሚያዋስነን አኮቦ አለ፤ በደቡብ ከኬንያ ጋር የሚያዋስነን ዳዋ አለ፤ በሰሜን ከኤርትራ ጋር መረብና ተከዜ አሉ። በእነዚህ ወንዞች ዳርና ዳር አንድ ቋንቋ የሚናገር፥ በጋብቻ የተዋሐደ፥ ከአንድ ውሃ የሚጠጣ ሕዝብ አለ። በየትኛው ወንዝ ላይ ምን ዓይነት ጣቢያ ይስማማል የሚለው በመለኪያ የሚታወቅ እንጂ በእኔ ብዕር የሚወሰን አይደለም። እኔ የምለው ከዚያ የቀደመውን ነው። ወንዙን ከመለካት በፊት ጎረቤት ሆኖ አብሮ ለመለካት መስማማት ያስፈልጋል። የዓባይ ተፋሰስ አገሮች ያዘጋጁት የትብብር ማዕቀፍ ስምምነት እ.ኤ.አ. በጥቅምት ወር 2024 በሥራ ላይ ሲውል፥ ካጸደቁት አገሮች መካከል ኢትዮጵያ፥ ሩዋንዳ፥ ቡሩንዲና ታንዛኒያ ይገኙበታል። እንግዲህ የሩሱሞ ባለቤቶች ከእኛ ጋር በአንድ ወረቀት ላይ የፈረሙ ናቸው። ከሩቅ የምናደንቃቸው ብቻ ሳይሆኑ ጠጋ ብለን የምንጠይቃቸው ናቸው። ሒሳቡን እንዴት እንደሚያሳዩ፥ ጥገናውን ማን እንደሚከፍል፥ ውሃ ሲያንስ ማን ስንት እንደሚቀነስበት ብንጠይቃቸው፥ ያን የመሰለ ዕውቀት ከመጽሐፍ ይልቅ ከሠራው ሰው አፍ ይገኛል።

አንድ ነገር ልጨምርና ልጨርስ። የኤሌክትሪክ ሽቦ በጎጆው ላይ አልፎ የሚሄድበት፥ እርሱ ግን በኩራዝ የሚያጠና ልጅ በብዙ አገር አለ። ከሩሱሞ የሚነሡት መስመሮች ወደ ጊቴጋ፥ ወደ ኪጋሊ አቅጣጫና ወደ ኒያካናዚ ይሄዳሉ። በጣቢያው ዙሪያ ላሉት ወረዳዎች ትምህርት ቤት፥ ጤና ጣቢያና የመጠጥ ውሃ የመሰለ የልማት ሥራ በፕላኑ ውስጥ ተይዞላቸዋል፤ ይህም መልካም ነው። ነገር ግን ወንዙ ከደጁ ለሚያልፍ ሰው ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ በራሱ ቤት የበራ አምፖል ነው። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚለው ተረት ወደፊት «የወንዙን ልጅ ጨለማ ዋጠው» ተብሎ እንዳይለወጥ፥ በአገራችንም ሆነ በጎረቤቶቻችን ዘንድ ማናቸውም ጣቢያ ሲሠራ በቅርብ ያለው መንደር በዕለተ ምረቃው አብሮ ይብራ ብዬ እጠይቃለሁ። ይህ ለመሐንዲሶች ከባድ ሥራ አይደለም፤ ለባለ ሥልጣኖችም ከንግግር የተሻለ የምረቃ ሥነ ሥርዓት ነው።

እንግዲህ መምህራችን «ለማን ይሠራል?» ብለው ለጠየቁት ጥያቄ የእኔ መልስ ይህ ነው፤ የድንበር ወንዝ በእኩልነት ለተስማሙ፥ ሒሳባቸውን በግልጽ ለሚያሳዩና በዳሩ የሚኖረውን ሰው ለማይረሱ ሁሉ ይሠራል። ለዚያ ደግሞ ወንዙን ማሰር የግድ አያስፈልግም። እኛ ተማሪዎች ነገ መሐንዲስ፥ የሕግ ዐዋቂ ወይም ገበሬ ስንሆን የሚያስፈልገን ነገር ሁለት ይመስለኛል፤ አንዱ ውሃን በትክክል መለካት ነው፥ ሁለተኛው የጎረቤትን ቋንቋ ማወቅ ነው። የመጀመሪያውን በፊዚክስ ክፍል እንማራለን፤ ሁለተኛውን ግን የሚያስተምረን ክፍል ገና አላየሁም።

ለጓደኛዬም የምለው አለኝ። በሚመጣው ዓመት የክርክር ማኅበራችን ሲሰበሰብ ይህንኑ ጥያቄ ደግመን እንድናነሣው ፈቃድህን እለምናለሁ። በዚያን ቀን አንተ ብትረታኝ ከልቤ አጨበጭብልሃለሁ፤ ከማጨብጨቤ በፊት ግን እስክትጨርስ ድረስ አዳምጥሃለሁ።